ለሰውነት የሚላክ ሞገድ ዋጋው ስንት ነው? የኢምፒዳንስ መለኪያ ቺፖች ዳሰሳ

ኢሲጂ የልብን ሲግናል ተቀብሎ ይመዘግባል እንጂ ወደ ሰውነት የሚልከው ነገር የለም። የኢምፒዳንስ መለኪያ ግን ካልላከ የሚያነበው አይኖረውም። ደረት ላይ የተለጠፈ ትንሽ መሣሪያ አተነፋፈስን ወይም በሳንባ የሚጠራቀም ፈሳሽን እንዲከታተል ከተፈለገ፣ ተለዋዋጭ ከረንት አመንጭቶ በኤሌክትሮድ በኩል ወደ ቆዳ መላክ፣ ከዚያም የተፈጠረውን ቮልቴጅ ማንበብ አለበት፤ የቮልቴጁና የከረንቱ ጥምርታ ኢምፒዳንሱ ነው። ሳንባ በአየር ሲሞላ ቮልቴጁ ከፍ ይላል፤ ፈሳሽ ሲበዛ ይቀንሳል። ባትሪው የሚያልቀው በአብዛኛው በዚህ የመላክ ሥራ ነው። ስለዚህም የቺፕ ንድፍ ባለሙያዎች ለዓመታት የደከሙበት ጥያቄ «ንጹሕ ሞገድ ባነሰ ኃይል እንዴት ይመንጭ?» የሚል ሆኖ ቆይቷል። የተሰጡት መልሶች ብልሃት የሞላባቸው ናቸው። ጥያቄው ግን በጠባቡ የተጠየቀ ይመስለኛል፤ ለምን እንደሆነ መልሶቹን እያየን እንሄዳለን።

በመጀመሪያ ሞገዱ ለምን በተለያየ ፍሪኩዌንሲ እንደሚላክ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1925 ሁጎ ፍሪክ የተባለ ተመራማሪ በደም ላይ ባደረገው ልኬት የቀይ የደም ሴል ሽፋን በካሬ ሴንቲሜትር 0.81 ማይክሮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ እንዳለው አገኘ። ከዚያም ተነስቶ ሽፋኑ 3.3 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት እንዳለው አሰላ፤ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ገና ባልተሠራበት ጊዜ። የሴል ሽፋን እንደ ካፓሲተር ስለሚሠራ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ከረንት ወደ ሴሉ መግባት ተስኖት በሴሎች መካከል ባለው ፈሳሽ ዞሮ ያልፋል፤ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ያለው ግን ሽፋኑን አቋርጦ ይሄዳል። ኬኔት ኮልና ወንድሙ ሮበርት እ.ኤ.አ. በ1941 ያወጡት ቀመር፣ በኋላም ኸርማን ሽዋን የሕብረ ሕዋስን ባሕርይ በፍሪኩዌንሲ ክልል ከፋፍሎ ያሳየበት ሥራ፣ እስከ ዛሬ ለዘርፉ መሠረት ናቸው። ከሴል ውጭ ያለውን ፈሳሽ ከሴል ውስጡ ለይቶ ማየት የፈለገ ሰው ከጥቂት ኪሎኸርዝ እስከ 1 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ጀነሬተር ያስፈልገዋል።

የሚፈለገው ውጤት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነም ይታሰብ። የደረት ኢምፒዳንስ በአራት ኤሌክትሮድ ሲለካ በአሥር ቤት የሚቆጠር ኦም ነው፤ የልብ ምት በዚያ ላይ የሚጨምረው ወይም የሚቀንሰው 0.1 ኦም ገደማ ብቻ ነው። 50 ማይክሮአምፔር ብንልክ የ0.1 ኦም ለውጥ የሚሰጠን 5 ማይክሮቮልት ነው። ከረንቱን እንደ ልብ ማብዛት ደግሞ በሕግ የታጠረ ነው፤ ለሕክምና መሣሪያዎች የወጣው ዓለም አቀፍ ደረጃ እስከ 1 ኪሎኸርዝ ድረስ 100 ማይክሮአምፔር ብቻ ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ ወሰኑ ከፍሪኩዌንሲው ጋር እኩል ስለሚያድግ በ50 ኪሎኸርዝ 5 ሚሊአምፔር ይደርሳል። ይህን የመጨረሻውን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሞገድ የማመንጨት ጥንታዊ ዘዴዎች ቺፕ ላይ ሲመጡ አንድ በአንድ ይሰናከላሉ። ሬዲዮ ውስጥ የምናውቀው የኮይልና የካፓሲተር ኦሲሌተር ከመነሻው አይሆንም። በቺፕ ላይ የሚሠራ ኮይል 10 ናኖሄንሪ ቢኖረው፣ 50 ኪሎኸርዝ ለማግኘት 1,000 ማይክሮፋራድ የሚያህል ካፓሲተር ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ በእጅ የሚያዝ ትልቅ ዕቃ ነው። ሬዚስተርና ካፓሲተር ብቻ የሚጠቀመው የዊን ብሪጅ ኦሲሌተር የተሻለ ተስፋ አለው። እ.ኤ.አ. በ1939 ዊሊያም ሂውሌት በስታንፎርድ ይህንኑ ሰርኪዩት ይዞ ሞገዱ እንዳያድግ ወይም እንዳይሞት የተጠቀመው ተራ አምፖል ነበር፤ ሞገዱ ሲጠነክር የአምፖሉ ክር ይሞቃል፣ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ሞገዱም ተመልሶ ይረግባል። ቺፕ ላይ አምፖል ስለሌለ የሞገዱን ቁመት የሚቆጣጠር ተጨማሪ ሰርኪዩት መሥራት ግድ ነው፤ እሱም ኃይል ይወስዳል፣ ለመረጋጋትም ጊዜ ይፈልጋል። ቦታም ችግር ነው። በ10 ፒኮፋራድ ካፓሲተር 1 ኪሎኸርዝ ለማግኘት 16 ሜጋኦም ገደማ ሬዚስተር ያስፈልጋል። ይህን በትራንዚስተር አስመስሎ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን እሴቱ ከቮልቴጁ ጋር ስለሚዋዥቅ ሞገዱ ይጣመማል።

በዲጂታል መንገድ ሞገድ የመሥራት ሐሳብ ይህን ሁሉ አለፈው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቲርኒ፣ ሬደርና ጎልድ ያሳተሙት ጽሑፍ መንገዱን ከፈተ። አንድ ቆጣሪ በእያንዳንዱ የክሎክ ምት የተወሰነ ቁጥር ይደምራል፤ ድምሩ በማስታወሻ ውስጥ ከተቀመጠ የሳይን ሰንጠረዥ ላይ ተገቢውን እሴት ይመርጣል፤ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚለውጠው ክፍል ቮልቴጁን ያወጣል። የዚህ ዘዴ ታዋቂ ፍሬ የአናሎግ ዲቫይስስ ኩባንያ ኤዲ5933 ቺፕ ነው። ባለ27 ቢት ቆጣሪው ፍሪኩዌንሲን ከ0.1 ኸርዝ ባነሰ እርምጃ ይመርጣል፤ እስከ 100 ኪሎኸርዝ ይልካል፤ መልሱንም ራሱ በ1,024 ናሙና ያሰላል። ይህ ቺፕ ለዘርፉ የዋለው ውለታ ትልቅ ነው። ውድ የላቦራቶሪ መሣሪያ መግዛት ያልቻሉ ተመራማሪዎች የኢምፒዳንስ ልኬትን በእጃቸው ያስገቡት በእሱ ነው።

ሆኖም ለሚለበስ መሣሪያ የተሠራ አልነበረም። ሲሠራ 10 ሚሊአምፔር ገደማ ይወስዳል። ሲአር2032 የሚባለው የሳንቲም ባትሪ 220 ሚሊአምፔር ሰዓት ያህል ስለሚይዝ፣ ያን ያህል ከረንት ያለመዳከም መስጠት ቢችል እንኳ ከ22 ሰዓት አያልፍም። በ10 ማይክሮአምፔር የሚሠራ ቺፕ ቢሆን ያው ባትሪ ሁለት ዓመት ተኩል ይሄድ ነበር። ሌላም ጣጣ አለው፤ የሚልከው ቮልቴጅ መካከለኛ ደረጃ ከተቀባዩ ስለሚለይ በሚለካው ነገር ውስጥ ቀጥተኛ ከረንት ያልፋል። ለሬዚስተር ምንም አይደለም፤ ለሰው ቆዳ ግን አይፈቀድም። ስለዚህ በሰውነት ላይ የተጠቀሙበት ሁሉ ከቺፑ ውጭ ሌላ ሰርኪዩት ሲጨምሩ ኖረዋል።

ከዚህ በተቃራኒ ጫፍ ላይ ያለው መልስ ሳይኑን ጭራሽ መተው ነው። ስኩዌር ሞገድ ለማመንጨት ሁለት ስዊችና አንድ የከረንት ምንጭ ይበቃል፤ ከዚህ የሚያንስ ኃይል አይታሰብም። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኤዲኤስ1292አር ቺፕ አተነፋፈስን የሚለካው በ32 ወይም በ64 ኪሎኸርዝ ስኩዌር ሞገድ ነው። ችግሩ ስኩዌር ሞገድ ብቻውን አለመጓዙ ነው፤ ሃርሞኒክ የሚባሉ የፍሪኩዌንሲው ብዜቶችን ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ሃርሞኒክ የዋናው ሲሶ፣ አምስተኛው የዋናው አምስተኛ እያለ ይቀጥላል። ተቀባዩም የሚያነበውን ሲግናል በስኩዌር ሞገድ የሚያባዛ ከሆነ ሦስተኛው ሃርሞኒክ በውጤቱ ላይ የዋናውን 11 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ከጠቅላላው ንባብ የዋናው ፍሪኩዌንሲ ድርሻ 81 በመቶ ብቻ ይሆናል። በ50 ኪሎኸርዝ ለካሁ ያለ ሰው ከ150ና ከ250 ኪሎኸርዝ ጋር የተቀላቀለ ቁጥር ይዞ ይመለሳል ማለት ነው። ዓላማው የትንፋሽን ብዛት መቁጠር ከሆነ ይህ ምንም አይጎዳም፤ ለውጡን እንጂ ትክክለኛውን እሴት አንፈልግምና። የሴል ውስጥና የሴል ውጭ ፈሳሽን መለየት ከሆነ ግን ሥራውን ያበላሸዋል፤ ሁለቱን የሚለያቸው ኢምፒዳንሱ ከፍሪኩዌንሲ ጋር የሚያሳየው ለውጥ ራሱ ስለሆነ።

በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው መንገድ ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ብልሃት ያለበት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። አንድ ስኩዌር ሞገድ ወስደን ሌላ አቻውን በ60 ዲግሪ አዘግይተን ብንደምራቸው ሦስተኛው ሃርሞኒክ ይጠፋል። ለዋናው ሞገድ 60 ዲግሪ የሆነው መዘግየት ለሦስተኛው 180 ዲግሪ ስለሆነ ሁለቱ ይጣፋሉ። አንድ እርምጃ እንቀጥል። ሦስት ስኩዌር ሞገዶችን በ45 ዲግሪ ልዩነት አሰልፈን የመካከለኛውን ክብደት የሁለት ካሬ ሥር፣ ማለትም 1.414 ብናደርገው፣ ሦስተኛውም አምስተኛውም ይጠፋሉ። ቺፕ ላይ 1.414ን በቀጥታ መሥራት አይቻልም፤ ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ትንንሽ የከረንት ምንጮችን ደርድሮ ለመካከለኛው 7፣ ለግራና ለቀኙ 5፣ 5 መስጠት ግን ይቻላል። ሰባት ለአምስት 1.4 ነው። በዚህች ትንሽ ልዩነት የሚተርፈው ሦስተኛ ሃርሞኒክ ከዋናው 0.17 በመቶ፣ አምስተኛው 0.1 በመቶ ብቻ ነው። በ17 የከረንት ምንጭ ያለ ሳይን ሰንጠረዥ፣ ያለ ማስታወሻ!

የሚፈለገው ክሎክም የሞገዱ ስምንት እጥፍ ብቻ ነው፤ ለ50 ኪሎኸርዝ 400 ኪሎኸርዝ ይበቃል። ኤዲ5933 በውስጡ ከ16 ሜጋኸርዝ በላይ በሆነ ክሎክ ይሠራል። የዲጂታል ሰርኪዩት ኃይል ከክሎኩ ጋር እኩል ስለሚወርድ ቁጠባው አርባ እጥፍ ገደማ ነው። ሰባተኛው ሃርሞኒክ እንዳለ ይቀራል፣ የዋናው 14 በመቶ ሆኖ። ነገር ግን ተቀባዩም በዚሁ ባለ ደረጃ ሞገድ ቢያባዛ በውጤቱ ላይ ያለው ድርሻ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። የዘዴው ደካማ ጎን የምንጮቹ ተመሳሳይነት ነው። ማርሴል ፔልግሮም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 እንዳሳየው በአንድ ቺፕ ላይ ጎን ለጎን የተሠሩ ትራንዚስተሮች እንኳ ይለያያሉ፤ ልዩነቱን በግማሽ ለመቀነስ ስፋታቸውን አራት እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል። ንጽሕና እዚህ ላይ በኃይል ሳይሆን በሲሊከን ስፋት ይገዛል።

እስከዚህ የታየው ሞገዱን ስለመቅረጽ ነው። የተቀረጸውን ሞገድ ወደ ሰውነት የሚገፋው የውጤት ክፍል ግን ሌላ ታሪክ ነው፤ ብዙ ጽሑፎች በአንድ አንቀጽ ቢያልፉትም የኃይሉ ዋና በላተኛ እሱ ነው። በቦርድ ላይ ለሚሠራ ሰርኪዩት የተለመደው የሃውላንድ የከረንት ምንጭ ነው፤ የኤምአይቲው ብራድፎርድ ሃውላንድ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፈው። አንድ አምፕሊፋየርና ጥቂት ሬዚስተሮች ይበቁታል። ሬዚስተሮቹ ካልተመሳሰሉ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ 10 ኪሎኦም የሆኑት በ1 በመቶ ቢሳሳቱ የምንጩ ውስጣዊ ኢምፒዳንስ በክፉው አጋጣሚ ወደ 250 ኪሎኦም ይወርዳል። በቺፕ ላይ ከረንትን በቀጥታ በትራንዚስተር መስጠት ይሻላል። እዚያም ቢሆን በኬብልና በኤሌክትሮድ ዙሪያ ሳይፈለግ የሚፈጠር ካፓሲታንስ አለ። 10 ፒኮፋራድ በ50 ኪሎኸርዝ 318 ኪሎኦም ነው፤ በ1 ሜጋኸርዝ ወደ 16 ኪሎኦም ይወርዳል፣ ከረንቱም በዚያ ያፈተልካል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ጫፉ 100 ማይክሮአምፔር የሆነ ሳይን በ50 ኦም ደረት ውስጥ ሲያልፍ ሕብረ ሕዋሱ የሚቀበለው ኃይል 0.25 ማይክሮዋት ነው። እጅግ ቆጣቢ የሆነ የውጤት ክፍል ይህን ለማድረስ ከባትሪው በአማካይ 64 ማይክሮአምፔር ይስባል፤ በ1.2 ቮልት 76 ማይክሮዋት ማለት ነው። ከ300 እጅ አንዱ ብቻ ለልኬቱ ይደርሳል፤ ቀሪው በትራንዚስተሮቹና በኤሌክትሮዶቹ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ይህ ቁጥር ባለበት ቦታ ሞገድ ቀራጩን ከ5 ማይክሮዋት ወደ 2 ያወረደ ንድፍ እንደ ትልቅ ድል ሲቀርብ ማየት ያሳዝነኛል። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ የፈሰሰው ግን ትንሹ ወጪ ላይ ነው።

«እንግዲያስ ከረንቱን እንቀንስ» የሚለው መልስ ወዲያው ይመጣል። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው በጠባቡ ተጠይቋል ያልኩት። ከረንቱን በአምስት እጅ ብንቀንስ የሚነበበው ቮልቴጅም በአምስት እጅ ይቀንሳል። ያንኑ ጥራት ለመጠበቅ የተቀባዩ አምፕሊፋየር ኖይዝ በአምስት እጅ መውረድ አለበት፤ የአምፕሊፋየር ኖይዝ የሚወርደው ደግሞ በራሱ በአምፕሊፋየሩ ከረንት ካሬ ሥር ስለሆነ አምፕሊፋየሩ 25 እጥፍ ከረንት ይጠይቃል። በላኪው የተቆጠበው በተቀባዩ ከነወለዱ ይከፈላል።

ሌላው አማራጭ ጊዜ ማርዘም ነው፤ በግማሽ ከረንት አራት እጥፍ ጊዜ ቢለካ ጥራቱ እኩል ይሆናል። ግማሽ ሲባዛ በአራት ሁለት ነው፤ ለአንድ ልኬት የሚወጣው ኃይል እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በተቃራኒው እንሂድ። ከረንቱን እጥፍ ብናደርገው ሩብ ጊዜ ይበቃናል፣ ወጪውም በግማሽ ይወርዳል። በዚያ ላይ ክሎኩ፣ አምፕሊፋየሩና የቀረው ሰርኪዩት ሁሉ ሦስት ሩቡን ጊዜ ተኝተው ያሳልፋሉ። ለሚለበስ መሣሪያ የሚጠቅመው ጠንከር ያለ ሞገድ ለአጭር ጊዜ ልኮ ወዲያው መዝጋት ነው። በ50 ኪሎኸርዝ ደረጃው 5 ሚሊአምፔር እንደሚፈቅድ ቀደም ብሎ ታይቷል፤ የሚለበሱ መሣሪያዎች ከዚህ እጅግ ባነሰ ከረንት ነው የሚሠሩት።

እንቅፋቱ ኤሌክትሮዱ ነው። የደረቅ ኤሌክትሮድ ንክኪ 5 ኪሎኦም ቢሆን 100 ማይክሮአምፔር በእያንዳንዱ ላይ ግማሽ ቮልት ይወስዳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 1 ቮልት ነው፣ ለ1.2 ቮልት ቺፕ ትንፋሽ አይተርፈውም። ከረንቱ ከተጨመረ ቮልቴጁም ይጨመራል፤ ያን ጊዜ የውጤት ክፍሉ ትርፍ ይጠፋል፣ የቀረው ሰርኪዩት ቶሎ በመተኛቱ የሚገኘው ቁጠባ ግን እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ የንክኪውን ሁኔታ አስቀድሞ ለክቶ ከረንቱንና የውጤት ክፍሉን ቮልቴጅ እንደ ቆዳው የሚያስተካክል ጀነሬተር፣ ሁልጊዜ ለክፉው ቀን ተዘጋጅቶ ከሚሠራው በእጅጉ ይቆጥባል። ከዘርፉ አቅጣጫዎች ተስፋ የምጥልበት ይህ ነው።

ስለ ፌዝ፣ ማለትም ቮልቴጁ ከከረንቱ ስለሚዘገይበት ማዕዘን፣ አጭር ነገር ልበል። የጀነሬተሩ ፍሪኩዌንሲ በጥቂት በመቶ ቢሳሳት ብዙም አይጎዳም፤ ላኪውና ተቀባዩ አንድ ክሎክ ስለሚጋሩ ስሕተቱ አብሮ ይሄዳል፣ የሕብረ ሕዋስ ባሕርይም በዚያ ልዩነት ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ ክሪስታል ግዴታ አይደለም። መዘግየት ግን ይጎዳል። የጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ፌዝ ከእጅ እስከ እግር በ50 ኪሎኸርዝ ሲለካ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሐኪሞች የታማሚን የምግብ ይዞታ ለመገመት ከሚመለከቷቸው ቁጥሮች አንዱ ነው። 1 ዲግሪ በዚህ ፍሪኩዌንሲ 56 ናኖሰከንድ ብቻ ነው። ማጣሪያ የጨመረ ንድፍ ከዚህ የሚበልጥ መዘግየት ሊያመጣ ይችላል፤ በታወቀ ሬዚስተር ካልተስተካከለ ቁጥሩ አይታመንም።

ብዙ ፍሪኩዌንሲ ሲፈለግ አንድ በአንድ ከመላክ ብዙ ሳይኖችን ደምሮ በአንድ ጊዜ መላክ ጊዜ ይቆጥባል። ድምሩ ግን በአንድ ቅጽበት ከፍ ያለ ጫፍ ሊፈጥር ይችላል፤ ማንፍሬድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1970 የሳይኖቹን ፌዝ በመምረጥ ጫፉን ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል አሳይቷል። የውጤት ክፍሉ ቮልቴጅ የሚወሰነው በጫፉ ስለሆነ ይህ አሮጌ ሥራ ለኃይል ቁጠባ በቀጥታ ይጠቅማል። 

በሚታተሙ ውጤቶች ላይ ያለኝን ቅሬታም ልግለጽ። የጀነሬተሩ ኃይል ብቻውን በሰንጠረዥ ይቀመጣል፤ ተቀባዩ፣ ክሎኩና የቮልቴጅ ምንጩ ተነጥለው ይቀራሉ። የሞገዱ ንጽሕና በአንድ በተመረጠ ፍሪኩዌንሲ ይነገራል። ልኬቱም ብዙ ጊዜ በሬዚስተር ላይ ይደረጋል፤ ሬዚስተር አያልብም፣ አይንቀሳቀስም። ለአንድ የኢምፒዳንስ ንባብ፣ በተወሰነ ጥራት፣ በእውነተኛ ቆዳ ላይ ስንት ማይክሮጁል ወጣ የሚለው አንድ ቁጥር ቢጻፍ ዘርፉ የት እንዳለ ሁላችንም በአንድ ዓይን እናይ ነበር።

ወደዚህ ሥራ መግቢያው በር ለብዙዎች የተዘጋ መሆኑ ሌላው ቁም ነገር ነው። ቺፕ ለመንደፍ የአምራቹን የንድፍ ፋይሎች ማግኘት ለረጅም ጊዜ የምስጢር ውል መፈረምና ውድ ሶፍትዌር መግዛት ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ጎግልና ስካይዎተር የ130 ናኖሜትር የማምረቻ ሂደት ፋይሎችን በነፃ ለቀቁ፤ የጀርመኑ አይኤችፒ ተቋምም የራሱን 130 ናኖሜትር ከፈተ። ከዚህ ላይ ኤክስስኬምን፣ ኤንጂስፓይስንና ማጂክን የመሳሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች ሲጨመሩ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለ የምሕንድስና ተማሪ በላፕቶፑ ከላይ ያየነውን ባለ 5፣ 7፣ 5 ጀነሬተር ነድፎ፣ የምንጮቹን ልዩነት በመቶ ሙከራ ፈትሾ፣ ሥዕሉን እስከ መጨረሻው ማድረስ ይችላል። ማስመረቱ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ርካሽ የማስመረቻ አገልግሎት ይሰጥ የነበረው ኢፋብለስ እ.ኤ.አ. በ2025 መዘጋቱም ጎድቷል። ለኢምፒዳንስ ሥራ ግን 130 ናኖሜትር ከበቂ በላይ ነው። ከ1 ሜጋኸርዝ የማያልፍ ሞገድ የቅርብ ጊዜ ትራንዚስተር አይፈልግም፤ ትራንዚስተሮቹ ተለቅ ማለታቸው ለተመሳሳይነት እንዲያውም ይጠቅማል። ለእንዲህ ያለ ተማሪ ከሁሉ ክፍት ሆኖ የማየው ሥራ የንክኪውን ኢምፒዳንስ በጥቂት ዑደት ለክቶ የውጤት ክፍሉን ቮልቴጅ የሚመርጠው ትንሽ ሰርኪዩት ነው፤ መሣሪያውን የለበሰው ሰው ሲራመድና ሲያልብ ምርጫውን በየስንት ጊዜው ማደስ እንዳለበት መወሰንም የንድፉ አካል ይሆናል።